ጥርት ያለው ፈሳሽ፦ በቅጠል ብላንክ ውስጥ የተገኘው የካታሊስት መዳብ

ለምን መመዝገብ እንዳስፈለገ

ተመልሶ ጥቅም ላይ ስለሚውል ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን ስለሚያፋጥን ነገር፣ የሚጻፉ ጽሑፎች አንድ የተለመደ ሥዕል አላቸው። አምስት ወይም ስድስት ዓምዶች፣ እያንዳንዱ የአንድ ዙር ምርት፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ቁመታቸው እኩል ነው ሊባል ምንም አይቀረውም። ከሥሩ ደግሞ “ካታሊስቱ አምስት ጊዜ ያለ ጉልህ ድካም አገልግሏል” ይላል። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይም እንዲህ ዓይነት ሥዕል ነበረው። ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ በትክክል ተለክተዋል፤ ማንም አልዋሸም። ከሥዕሉ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ስህተት ነበር። ስህተቱን ያሳየን ሰው ደግሞ ስለ ካታሊስት ምንም የማያገባት፣ በቅጠል ውስጥ ያለ መዳብና ዚንክ የምትለካ ተማሪ ናት።

እኔ በዚያ ቤተ ሙከራ የአይሲፒ መሣሪያው ኃላፊ ነበርኩ፤ ይህ ናሙናን እጅግ በጋለ ጋዝ (ፕላዝማ) ውስጥ አስገብቶ ንጥረ ነገሮቹን ከሚሰጡት ብርሃን የሚለካ ነው። ናሙና በአሲድ የሚፈርስበት የማይክሮዌቭ ምድጃም በእኔ ሥር ነበር። የሰዎቹንም ሆነ የተቋሙን ስም አልጠቅስም። ቁጥሮቹን ከመዝገባችን ወስጄ በጥቂቱ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ሁለቱ ሥራዎች

የመጀመሪያው ተማሪ በተሸካሚ ላይ የተጣበቀ የመዳብ ካታሊስት ይሠራ ነበር። ውስጡ ማግኔታይት፣ በማግኔት የሚሳብ የብረት ኦክሳይድ፣ ነው፤ በላዩ የሲሊካ ቅርፊት አለ፤ ከቅርፊቱ ላይ አሚን (ናይትሮጂን ያለው ቡድን) ያለው አጭር ሰንሰለት ይወጣል፤ መዳቡ የሚያዘው በዚህ አሚን ነው። በክብደት 3 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ 45 በመቶ ያህሉ ብረት ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ ኋላ ጉዳዩን የሚፈቱት እነሱ ናቸው። የማግኔታይቱ ጥቅም ሪአክሽኑ ሲያልቅ ማግኔት ከፍላስኩ ጎን ተጠግቶ ጥቁሩ ዱቄት ወደ አንድ ወገን መሰብሰቡ ነው። ፈሳሹ ይቀዳል፤ ዱቄቱ ታጥቦ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣል።

ሪአክሽኑ ቤንዚል አዛይድና ፊኒል አሴቲሊን ተጋጥመው ትራያዞል የሚሰጡበት ነው። በመዳብ አንድ፣ ማለትም አንድ ኤሌክትሮን ባጣ መዳብ፣ የሚፋጠነውን ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞርተን ሜልዳልና የባሪ ሻርፕለስ ቡድኖች በየፊናቸው አሳወቁ፤ ሁለቱ ከካሮሊን ቤርቶዚ ጋር በ2022 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ያለ መዳብ በሙቀት ብቻ ሲሄድ ሪአክሽኑ ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ዓይነት ምርትም ይሰጣል፦ 1፣4 እና 1፣5 የሚባሉትን። መዳብ ሲኖር የሚገኘው 1፣4 ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ልዩነት የመዳብ አሻራ ሆኖ ያገለግላል።

ተማሪው በእያንዳንዱ ዙር 1 ሚሊ ሞል አዛይድ፣ 42 ሚሊ ግራም ካታሊስት፣ ትንሽ ሶዲየም አስኮርቤት፣ 10 ሚሊ ሊትር የኤታኖልና የውኃ ድብልቅ ወስዶ በ60 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ያማስላል። በካታሊስቱ ውስጥ ያለው መዳብ 1.27 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 2 ሞል በመቶ ነው፤ ለመቶ የአዛይድ ሞለኪውል ሁለት የመዳብ አቶም። አምስቱ ዙሮች የሰጡት ምርት 97፣ 97፣ 96፣ 96 እና 95 በመቶ ነበር። የጽሑፉ ረቂቅ አልቆ አማካሪው እያነበቡት ነበር።

ሁለተኛዋ ተማሪ 24 የቅጠል ናሙናዎች ነበሯት። መዳብ፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ብረት ትለካለች። ግማሽ ግራም ደረቅ ዱቄት በናይትሪክ አሲድና በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ በማይክሮዌቭ ይፈርሳል፤ ከዚያ በ50 ሚሊ ሊትር የመለኪያ ፍላስክ በንጹሕ ውኃ ይሞላል። በቅጠል ውስጥ ያለ መዳብ አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ግራም ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ወደ መሣሪያው የሚገባው ፈሳሽ በሊትር ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊ ግራም መዳብ ይይዛል። በዚህ መጠን ላይ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ከውጭ ቢጨመርበት ውጤቱ በኪሎ ግራም 5 ሚሊ ግራም ይንራል። ለአንዳንዱ ቅጠል ይህ እጥፍ ማለት ነው።

አንድ ዱቄት፣ ሦስት ቁጥር

ነገሩ የጀመረው አንድ ናሙና ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ለመዳብ 9.1፣ 8.8 እና 14.2 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ሲሰጥ ነው። ተማሪዋ መጀመሪያ ያሰበችው ዱቄቱ በደንብ አልደቀቀ ይሆናል ብላ ነው። እንደገና ፈጭታ በወንፊት አሳልፋ ደገመችው። ሦስቱም ወደ 9 ገቡ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ብላንኮቹ ተበታተኑ። ብላንክ ማለት ቅጠል የሌለበት፣ አሲዱና ውኃው ብቻ በዚያው መንገድ የሚያልፍበት ናሙና ነው። ሦስት ብላንኮች 0.004፣ 0.052 እና 0.005 ሚሊ ግራም በሊትር ሰጡ። እስከዚያ ድረስ ስታደርግ የነበረው የሦስቱን አማካይ ወስዳ ከሁሉም ናሙና መቀነስ ነበር። ይህን ስታደርግ ዝቅተኛ መዳብ ያላቸው ሁለት ናሙናዎች ከሚታመነው በታች ወረዱ። ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

ብላንክ ከፍ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አሲዱን ነው። አሲዱ ቆሽሾ ቢሆን ግን ሦስቱም ብላንኮች እኩል ከፍ ማለት ነበረባቸው፤ አሲዱ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ነውና። አንዱ ብቻ ተለይቶ ከወጣ ችግሩ ያለው ለእያንዳንዱ ናሙና የተለየ በሆነ ነገር ውስጥ ነው፤ በቱቦው፣ በፍላስኩ ወይም በእጅ። መሣሪያውም እንዳልተሳሳተ አየን። መዳብ በ324.75 እና በ327.39 ናኖ ሜትር በሚባሉት ሁለት መስመሮቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጠ። ሌላ ንጥረ ነገር በአንዱ መስመር ላይ ተደርቦ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አይስማሙም ነበር።

የማይክሮዌቭ ቱቦዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይሰፍራል። ያ 14.2 የሰጠው ናሙናና ያ 0.052 የሰጠው ብላንክ የፈረሱት በአንድ ቱቦ ነበር፤ በ7ኛው። ዱቄቱ ሲደገም ወደ 9 የተመለሰውም ስለደቀቀ ሳይሆን ሌላ ቱቦ ስለደረሰው ነው። ቱቦ 7ን ወደ ኋላ ስንከታተል ከእርሷ አስቀድሞ የገባበት የካታሊስቱ ናሙና ሆኖ ተገኘ። ተማሪው የካታሊስቱን የመዳብ መጠን ለማወቅ 30 ሚሊ ግራም አፍርሶበታል። በዚያ ውስጥ 0.9 ሚሊ ግራም መዳብ አለ። በብላንኩ ውስጥ የተገኘው 0.052 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሰላ ወደ 2.6 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዚያ መዳብ ከሺህ ሦስት እጅ እንኳን አይሞላም። ናይትሪክ አሲድ ሲሊካን አያሟሟም፤ ደቃቁ ነጭ ዝቃጭ በቱቦው ግድግዳ ጭረቶች ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል።

ብረቱም ይህንኑ መሰከረ። በቱቦ 7 ብላንክ ውስጥ ብረት ከወትሮው 0.02 ወደ 0.38 ወጥቷል፤ ዚንክና ማንጋኒዝ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከነሐስ ቧንቧ ወይም ማያያዣ የመጣ መዳብ ቢሆን ዚንክ አብሮት ይመጣ ነበር። መዳብና ብረት ብቻ ተያይዘው መምጣታቸው የማግኔታይቱን ካታሊስት መልክ ያሳያል። ተማሪዋ የብረቱን ከፍታ ቀድሞውኑ አይታው ነበር፤ “ብረት ሁሉ ቦታ ስላለ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት” አለችኝ። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናደርጋለን።

ለካታሊስትና ለቅጠል አንድ ዓይነት ቱቦ እንዲያገለግል የፈቀድኩት እኔ ነኝ። የተራ ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱን አከታትዬ ያስቀመጥኳቸውም እኔው ነኝ። ስህተቱ ከተማሪዎቹ በፊት የእኔ ነበር።

“እዚህ ፍላስክ ውስጥ ካታሊስት ገብቶ አያውቅም”

ቱቦዎቹን ለየን። ለቅጠል የተመደቡትን በባዶ አሲድ ሁለት ጊዜ በማይክሮዌቭ አስኬድን፤ ከዚያ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አሳደርናቸው። የሁሉም ብላንክ ለየብቻ ተለካና ከ0.005 በታች ሆነ። እንደገና ተዘጋ ብለን ተቀመጥን።

ከአሥር ቀን በኋላ ብላንክ 0.018 መጣ። ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ቱቦው ንጹሕ እንደሆነ በመረጋገጡ የቀረው የመለኪያ ፍላስኩ ነበር። ፍላስኮቻችን ያን ጊዜ ቁጥር አልነበራቸውም። ተማሪዋ መደርደሪያው ላይ ያሉትን 22 ፍላስኮች በሙሉ በ2 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ሞልታ አሳድራ አንድ በአንድ ለካቻቸው። ሃያዎቹ ንጹሕ ነበሩ። ሁለቱ ብቻ መዳብ ሰጡ።

ሦስታችንም ፍላስኮቹ ፊት ቆመን ነበር። ካታሊስቱን የሚሠራው ተማሪ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አዙሮ አየውና “እነዚህን እኔ ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ግን እዚህ ፍላስክ ውስጥ ካታሊስት ገብቶ አያውቅም። ካታሊስቱን በማግኔት ከያዝኩ በኋላ ጥርት ያለውን ፈሳሽ ብቻ ነው የማጠራቅምባቸው” አለ።

ተማሪዋ ወዲያው አልመለሰችለትም። ቁጥሮቹን እንደገና አየች፤ ከዚያ “ታዲያ ብረቱ የታለ?” አለችው።

የጉዳዩ እምብርት ይህ ጥያቄ ነው። ከማግኔቱ ያመለጠ ደቃቅ የካታሊስት ዱቄት በፈሳሹ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከመዳቡ ጋር በአሥራ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ብረት መምጣት ነበረበት፤ ዱቄቱ 3 በመቶ መዳብና 45 በመቶ ብረት ነውና። በሁለቱ ፍላስኮች ውስጥ ግን ብረቱ ከሌሎቹ ሃያ ፍላስኮች ያልተለየ ነበር። መዳቡ የመጣው ብቻውን ነው። ተሸካሚውን ትቶ፣ ተሟሙቶ፣ ጥርት ካለው ፈሳሽ ጋር ወጥቷል። አሲድ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ መዳብ በመስታወት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሳሙናና ውኃ ሁልጊዜ አያስለቅቁትም። ናይትሪክ አሲዱ ሲገባ ግን ይለቅቃል።

ማረጋገጫው

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የካታሊስቱ ሆነ። አማካሪው ረቂቁ እንዲቆም አደረጉና አራት ነገር እንዲፈተሽ አዘዙ።

በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የሚቀዳው ፈሳሽ ተለካ። ኤታኖል ያለበት ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ፕላዝማው ሲገባ ነበልባሉን ያናጋዋል፤ ስለዚህ ፈሳሹ ተኖ፣ ቅሪቱ በአሲድ ፈርሶ ነው የተለካው። እዚህ ላይ ለሌሎች ማስጠንቀቂያ አለኝ። አዛይድ የቀረበት ፈሳሽ ላይ አሲድ ጨምሮ ማሞቅ አደገኛ ነው፤ ነፃ የአዛይድ ጨው ካለ ደግሞ መርዛማና ፈንጂ የሆነ ጋዝ ይወጣል። እኛ አዛይዱ ሙሉ በሙሉ ማለቁን በኤን-ኤም-አር (ሞለኪውሎችን በማግኔት በሚለይ መሣሪያ) ሳናረጋግጥ አንድም ናሙና ወደ አሲድ አላስገባንም።

የመጀመሪያው ዙር ፈሳሽ 0.11 ሚሊ ግራም መዳብ ነበረበት፤ ከተጨመረው 1.27 ውስጥ 9 በመቶ ያህል። ሁለተኛው 0.05፣ ሦስተኛው 0.03፣ አራተኛውና አምስተኛው 0.02 ሚሊ ግራም ሆኑ። ሲደመር 0.23 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 18 በመቶ ይሆናል። ከአምስት ዙር በኋላ የቀረው ዱቄት ሲፈርስ የመዳብ ይዘቱ ከ3.0 ወደ 2.4 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ከፈሳሹ የተሰላው 2.46 ነበር። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ሲገናኙ ያን ጊዜ ሰው እፎይ ብሎ ቁጥሩን ያምናል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ስድስት ሰዓት ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ተማሪው ከአንድ የቀድሞ ሥራ እንደተወሰደ ተናገረ። በአዲስ ካታሊስት ሪአክሽኑ በየ20 ደቂቃው ሲታይ በ20ኛው ደቂቃ 42 በመቶ፣ በ40ኛው 66፣ በአንድ ሰዓት 80፣ በሁለት ሰዓት ከ95 በላይ ደረሰ። ሪአክሽኑ በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ የቀሩት አራት ሰዓታት ድካሙን የሚሸፍኑ ነበሩ። አምስቱ ዙሮች በ20ኛው ደቂቃ ላይ ሲነጻጸሩ 42፣ 31፣ 24፣ 20 እና 18 በመቶ ሰጡ። እኩል የቆሙት ዓምዶች ደረጃ ሆኑ። ካታሊስቱ በአምስተኛው ዙር ከመጀመሪያ ፍጥነቱ ግማሽ በላይ አጥቷል፤ ስድስት ሰዓት የተሰጠው ደካማ ካታሊስት ግን 95 በመቶ ለመድረስ ጊዜ አያንሰውም።

ሦስተኛው የትኩስ ማጣሪያ ሙከራ ነው። ሪአክሽኑ ተጋምሶ ሳለ ካታሊስቱ ተጣርቶ ይወጣል፤ ፈሳሹ ብቻውን በዚያው ሙቀት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ምርት ከጨመረ በፈሳሹ ውስጥ የሚሠራ ብረታ ብረት አለ ማለት ነው። በ20ኛው ደቂቃ 42 በመቶ ላይ የተጣራው ፈሳሽ በአንድ ሰዓት 58 በመቶ ደረሰ። በአዲስ ፍላስክ፣ ያለ ምንም ካታሊስት፣ በዚያው ሙቀት ሁለት ሰዓት ሲቆይ ግን ምንም ምርት አልታየም።

አራተኛው ሳይታሰብ የመጣ ነው። ያለ ካታሊስት የተደረገው ሙከራ መጀመሪያ ዜሮ አልሰጠም፤ 6 በመቶ ሰጥቶ ነበር፤ እሱም 1፣4 ምርት ብቻ። የሙቀት ውጤት ቢሆን ሁለቱም ዓይነት ይገኝ ነበር። ስለዚህ መዳብ ከየት መጣ? ፍላስኩ አዲስ ነው፤ ማማሰያው ማግኔት ግን የቆየ ነበር። ነጩ የፕላስቲክ ሽፋኑ በአንድ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይዟል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጭረቱ ውስጥ ዱቄት ተሰግስጎበታል። ማማሰያው በአዲስ ሲተካ ምርቱ ጠፋ።

ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በተለምዶ በፓላዲየም የሚፋጠነው የሱዙኪ ሪአክሽን ያለ ምንም ብረታ ብረት ተሠራ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በ2005 ያው ቡድን መልሶ ሲመረምር ሥራውን የሠራው በሶዲየም ካርቦኔቱ ውስጥ ያለ ከቢሊዮን 50 ክፍል ያህል ፓላዲየም መሆኑን ራሱ አሳወቀ። በ2021 ደግሞ በአሚን ብቻ የሚሄድ የሱዙኪ ሪአክሽን የታተመበት ጽሑፍ ከፓላዲየም ብክለት የተነሳ በዚያው ዓመት ተሰርዟል። የ2005ቱን ቡድን አከብራለሁ። የራስን ግኝት በራስ እጅ ማፍረስ ቀላል አይደለም።

ያልሠራው

የትኩስ ማጣሪያ ሙከራው በመጀመሪያው ጊዜ አታልሎን ነበር። ተማሪው ፍላስኩን ከሙቀቱ አውጥቶ፣ ማግኔት አስጠግቶ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቆ ፈሳሹን ቀዳ። ፈሳሹ ከዚያ በኋላ ምንም አልሠራም፤ ደስታችን ታላቅ ነበር። ግን ሙከራው ሁለት ጉድለት ነበረው። ፈሳሹ ሲበርድ የተሟሟው ብረታ ብረት ተመልሶ ተሸካሚው ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ የሚጣራው በሪአክሽኑ ሙቀት መሆን አለበት። በተጨማሪም ፈሳሹ አየር ሲያገኝ መዳብ አንድ ወደ መዳብ ሁለት ይለወጣል፤ በዚያ መልኩ ይህን ሪአክሽን አያፋጥንም። ሁለተኛው ሙከራ የተደረገው ሲሪንጁና ባለ 0.2 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያው አስቀድመው ሞቀው፣ በናይትሮጂን ሥር ነው። ከላይ የጠቀስኩት 58 በመቶ የተገኘው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ “ካታሊስቱ አይለቅም” የሚል ማስረጃ በእጃችን ነበር።

በቅጠሉም በኩል የታመነበት ነገር ወድቋል። ይዘቱ የታወቀ መመሳከሪያ የአፕል ቅጠል ዱቄት በየሳምንቱ ይፈተን ነበር፤ ሁልጊዜም ትክክለኛውን መዳብ ሰጥቷል። እሱን አይተን ዘዴው ደህና ነው ብለን ነበር። መመሳከሪያው የሚፈርሰው ግን ሁልጊዜ በቱቦ 1 ነበር፤ ልማድ ሆኖ። ቱቦ 1 ደግሞ ካታሊስት ገብቶበት አያውቅም። መመሳከሪያ ዱቄት የዘዴውን ትክክለኛነት ያሳያል፤ አንድ ቱቦ ላይ የተጣበቀ ብክለትን ግን በአጋጣሚ ካልሆነ አያገኘውም።

መዳቡን ለማጥበቅ የሲሊካውን ቅርፊት ማወፈር ተሞከረ። ምንም አልለወጠም፤ ቅርፊቱ ማግኔታይቱን ይጠብቃል እንጂ መዳቡ ያለው ከውጭ ነው። ልል የተያዘውን መዳብ በኢዲቲኤ፣ ብረታ ብረትን አጥብቆ በሚይዝ ውህድ፣ ማጠብም ተሞከረ። ኢዲቲኤው ልሉንም ጥብቁንም ጠራርጎ ወሰደና ካታሊስቱ ሞተ።

የተሻሻለው

መዳቡ ለምን እንደሚለቅ ስናስብ ሦስት ነገር ታየን። አንድ አሚን ብቻ መዳብን የሚይዘው በአንድ ጣት ነው። አስኮርቤቱ መዳብ ሁለትን ወደ መዳብ አንድ ሲለውጠው ደግሞ ቀድሞ የነበረው አያያዝ ይላላል። ከሁሉም በላይ ግን ምርቱ ትራያዞል ራሱ መዳብ የሚይዙ ናይትሮጂኖች አሉት። ሪአክሽኑ በተሳካ ቁጥር በፈሳሹ ውስጥ መዳብ የሚስብ ነገር ይበዛል። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ነው፤ ካታሊስቱን የሚዘርፈው የገዛ ፍሬው ነው።

በዚህ መሠረት ሁለት ለውጥ ተደረገ። አዲስ የተሠራው ካታሊስት ከመጀመሪያው ዙር በፊት በሶክስሌት (የሚፈላ ፈሳሽን እያመላለሰ በሚያጥብ የመስታወት ዕቃ) ውስጥ በሚፈላ ኤታኖል 24 ሰዓት ይታጠባል። ይህ ብቻውን የመጀመሪያውን ዙር መልቀቅ ከ9 ወደ 3 በመቶ አወረደው። ከዚያ በአሚኑ ላይ ሳሊሲልአልዲሃይድ ተያይዞ መዳቡ በናይትሮጂንና በኦክስጅን፣ በሁለት ወገን እንዲያዝ ተደረገ። አዲሱ ዓይነት በዙር ከ1 በመቶ በታች ይለቅቃል። ፍጥነቱ ግን ቀንሷል፤ በ20ኛው ደቂቃ የሚሰጠው 42 ሳይሆን 27 በመቶ ነው። በአምስተኛው ዙር 23 ነበር። እኔ ይህን ከቀድሞው እመርጣለሁ። ተማሪው ለመምረጥ ጊዜ ወሰደበት፤ ይገባኛል።

ሃያ አራቱም የቅጠል ናሙናዎች እንደ አዲስ ፈርሰው ተለኩ። የቱቦው መዝገብ ስለነበረ የተበከሉትን ብቻ ለይቶ መድገም ይቻል ነበር፤ የፍላስኮቹ መዝገብ ስላልነበረ ግን የትኛው ናሙና በየትኛው ፍላስክ እንደተሞላ የሚያውቅ አልነበረም። ቁጥር ያልተጻፈባቸው 22 ፍላስኮች የሦስት ሳምንት ሥራ አስከፈሉን።

ለሌላ ቤተ ሙከራ የሚሆነው

ብላንክን ከመቀነስ በፊት ማየት ያስፈልጋል። ሦስት ብላንኮች ተቀራርበው ከፍ ካሉ ችግሩ የጋራ ነው፤ ምናልባት መቀነስ ይበቃል። ከተበታተኑ ግን አማካያቸው ምንም ትርጉም የለውም፤ ንጹሑን ናሙና ያለ ጥፋቱ ይቀጣል፣ የተበከለውን ደግሞ አያድነውም። ከፍተኛውን ብላንክ እንደ ስህተት መጣልም ያው ነው። የእኛ ጉዳይ በሙሉ የተገኘው በዚያች በተለየች አንዲት ብላንክ ውስጥ ነው።

አንድ ንጥረ ነገር ብቻውን ብዙ አይናገርም። መሣሪያው አብሮ የሚሰጠውን ሁሉ ጎን ለጎን ማየት ዋጋ አለው። መዳብ ከብረት ጋር፣ መዳብ ከዚንክ ጋር፣ መዳብ ብቻውን፤ ሦስቱ ሦስት የተለያየ ምንጭ ይጠቁማሉ። ቅጠል የሚለኩ ሰዎች ይህን ያውቁታል። በቅጠል ላይ የቀረ አፈርን ከአሉሚኒየምና ከታይታኒየም ከፍታ ይለዩታል፤ የማይዝግ ብረት ወፍጮ የጨመረውን ደግሞ ከክሮሚየምና ከኒኬል። ካታሊስት የሚሠራ ሰውም ተሸካሚው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በፈሳሹ ውስጥ ቢፈልግ፣ ዱቄት አምልጦ እንደሆነና መዳቡ ተሟሙቶ እንደሆነ ባንድ ልኬት ይለያል።

የካታሊስት ዙሮች የሚነጻጸሩት ሪአክሽኑ ሳያልቅ ነው፤ ከግማሽ በታች ሳለ ቢሆን ይሻላል። ሪአክሽኑ ካለቀ በኋላ የሚለካ ምርት ጥንካሬን አያሳይም፤ ጊዜው በቂ እንደነበር ብቻ ያሳያል። ጽሑፍ ገምጋሚዎችም ከዓምዶቹ ይልቅ ስለ ሰዓቱ ቢጠይቁ እመኛለሁ።

በሚሊ ግራም የሚሠሩና በማይክሮ ግራም የሚለኩ ሰዎች አንድ ዕቃ መጋራት የለባቸውም። ቱቦ፣ ፍላስክ፣ ማማሰያ፣ ስፓቱላ ሁሉ ይለያል፤ ሁሉም ቁጥር ይኖረዋል። ቦታ ሲጠብብ ይህ ቅንጦት ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር።

አሁን ያለበት

ጽሑፉ ከአራት ወር በኋላ እንደገና ተጻፈ። “ያለ ጉልህ ድካም” የሚለው ሐረግ ወጣ፤ በምትኩ በእያንዳንዱ ዙር የለቀቀው መዳብና በ20ኛው ደቂቃ ያለው ምርት በአንድ ሰንጠረዥ ገቡ። የድሮው ካታሊስት ውጤትም አልተሰወረም፤ ከአዲሱ ጎን ተቀምጧል። በዚያ ሰሞን ተማሪው አማካሪውን “ስንት ወር የሠራሁት ውሸት ነበር ማለት ነው?” ብሎ ጠይቋቸው ነበር። “ቁጥሮችህ እውነት ናቸው፤ እኛ ያላሉትን አስብለናቸው ነው” አሉት።

ሁለቱ ፍላስኮች አልተጣሉም። ተማሪዋ አንገታቸው ላይ 11 እና 16 ብላ ጽፋባቸው ለብቻ አስቀምጣቸዋለች። በወሩ መጀመሪያ በ2 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ሞልታ ታሳድራቸውና ከሌሎቹ ብላንኮች ጋር ትለካቸዋለች። ባለፈው ወር 11ኛው ከንጹሖቹ ጋር እኩል ሆኗል፤ 16ኛው ገና 0.006 ላይ ነው።